ሽበት በሥራ ገበታ ላይ

በጃፓን ከሕዝቡ 29 በመቶ ያህሉ ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ነው። የሚወለደው ሕፃን ከዓመት ዓመት ስለሚያንስ ፋብሪካውም ሱቁም የሰው ያለህ ይላል፤ መንግሥትም አንጋፋው ከሥራ ገበታው እንዳይነሣ ሕጉን ደረጃ በደረጃ ሲያጠብቅ ቆይቷል። ከ1998 ወዲህ (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ የሚከተሉትም እንዲሁ) 60 ያልሞላውን ሠራተኛ ጡረታ ማስወጣት ተከለከለ። በ2006 ድርጅቶች እስከ 65 የሚያሠሩበትን መንገድ የማበጀት ግዴታ ተጣለባቸው፤ በ2021 ደግሞ እስከ 70 እንዲጥሩ ተጠየቁ።

ብዙዎቹ ድርጅቶች ግን የጡረታ መውጫውን 60 ላይ ትተው፣ የሸኙትን ሰው በማግስቱ በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት መልሰው ይቀጥሩታል፤ ደመወዙን ቀንሰው። የሲሚንቶ ቦቴ የሚነዱ ሦስት ሾፌሮች ይህንኑ አቤት ብለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰው ነበር። ቦቴው ያው፣ ሥራው ያው፣ ክፍያቸው ግን 20 በመቶ ያህል ወርዷል። በ2018 የተሰጠው ፍርድ ከጥቂት ክፍያዎች በቀር ልዩነቱን ተቀበለው። ጡረታ ደርሶላቸዋል በሚል ነው መሰል፤ እኔን ግን አላሳመነኝም።

ከቅጥር ውጭ ላለው አረጋዊ ደግሞ «ሲልቨር» የሚባሉት የሰው ኃይል ማዕከላት አሉ። በ1975 ቶኪዮ ላይ ተጀምረው በመላ አገሪቱ ተስፋፍተዋል፤ አባሎቻቸው 7 መቶ ሺህ ገደማ ናቸው። ሥራው ቀላልና የአጭር ጊዜ ነው፦ አጥር መከርከም፣ ሣር ማጨድ፣ ብስክሌት ማቆሚያ መጠበቅ፣ የወረቀት መስኮት ማደስ። የሚከፈለው በሕግ ደመወዝ ስላልሆነ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ አይመለከተውም። አባላቱም ቢሆኑ ከገንዘቡ እኩል ከቤት መውጣቱን ይፈልጉታል።

የሥልጠናው ነገር ከሁሉ ይሳሳል። አምስት ዓመት ለቀረው ሠራተኛ ገንዘብ አውጥቶ የሚያስተምር አሠሪ ጥቂት ነው። ለአንጋፋ ሠራተኛ ወጪ ያላሰሰተ አሠሪ ግን አለ፦ የጀርመኑ ቢኤምደብሊው በ2007 ዲንጎልፊንግ ላይ በዕድሜ የገፉ ሠራተኞች የሚበዙበት የመገጣጠሚያ መስመር ሲያደራጅ፣ ለውጡ የእንጨት ወለል፣ መቀመጫና ማጉያ መነጽር የመሳሰሉትን ያካተተ ነበር፤ ምርታማነቱም 7 በመቶ አደገ። ሲንጋፖር ደግሞ የሥልጠናውን ገንዘብ ለራሱ ለሠራተኛው ትሰጣለች። በ2024 ዕድሜው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ዜጋ ሁሉ 4,000 የሲንጋፖር ዶላር የትምህርት ክፍያ መደበች። ይሁንና ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ክፍያው ቢሸፈንለትም ደመወዙን ትቶ ክፍል ሊቀመጥ አይችልም። በ2025 ሙሉ ጊዜ ለሚማሩት በወር እስከ 3,000 ዶላር የሚደርስ አበል የተጨመረው ለዚህ ነው።