አምስት ሚሊዮን ኮደር እና አንድ ማውስ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተሰኘውን ሥልጠና ይፋ አደረገች። ክፍያ የለውም፤ ሰልጣኙ በሚመቸው ሰዓት በኢንተርኔት ገብቶ ፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ትንተና ወይም የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ይማራል፤ ሲጨርስ የምስክር ወረቀት ያገኛል። በዚያው ወር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጠ። ሁለቱም ደስ የሚሉ ዜናዎች ናቸው። ማውስ ጨብጦ ለማያውቅ ሰው ግን ሁለቱም የሚጀምሩት እሱ ካለበት ብዙ ርቀው ነው።

በመሃል የቀረው ተራ የሚመስለው ዕውቀት ነው፦ ፋይል ሴቭ አድርጎ የት እንደገባ ማወቅ፣ ሲቪን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ ኢሜይል ላይ አታች ማድረግ፣ ኤክሴል ላይ አንድ ዓምድ መደመር። በቴሌብር ገንዘብ የሚልክ፣ ከቴሌግራም የማይጠፋ ወጣት እዚህ ላይ ሲደናገር ማየት የተለመደ ነው። ስልክ ፋይሉን የት እንደሚያስቀምጥ ባለቤቱን አያስጨንቀውም፤ ኮምፒውተር ግን ፎልደር ምረጥ ይላል። ስለዚህ ብዙ ሰው አንዲት ማመልከቻ ለማስላክ ለኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ይከፍላል። ፓስወርዱን ጭምር ለጸሐፊዋ ነግሮ የሚወጣም አለ፤ ከክፍያው ይልቅ የሚያሳስበው ይሄኛው ነው።

ይህን ክፍተት በነፃ ለመሙላት ከሚያገለግሉት አንዱ ባልተጠበቀ ቤት ተወለደ። አሜሪካ የኖረ ሐበሻ ጉድዊልን የሚያውቀው በሰልባጅ ልብስና ዕቃ መደብርነቱ ነው። የምሥራቅ ሰሜን ካሮላይናው ጉድዊል ግን ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት ማስተማርም ይዟል፤ ድረ ገጹ ዛሬ ጂሲኤፍ ግሎባል ይባላል። ለመማር መመዝገብ እንኳ አያስፈልግም። ትምህርቱ አንዴ መጫን፣ ሁለቴ መጫን፣ ይዞ መጎተት ከሚሉት የማውስ ልምምዶች ተነስቶ በኪቦርድ፣ በዊንዶውስና በኢሜይል አድርጎ እስከ ወርድና ኤክሴል ይዘልቃል። ብዙው ክፍል በጽሑፍና በሥዕል ስለተዘጋጀ ቪዲዮውን መዝለል ይቻላል፤ ኢንተርኔት ፓኬጁን እየቆጠበ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አማርኛ የለውም፤ ቋንቋዎቹ እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽና ፖርቱጋልኛ ናቸው። ደግነቱ እንግሊዝኛው ቀለል ያለ ነው።

በራስ ፍጥነት መማር የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ምናልባት ከሀፍረት መገላገል ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የሒሳብ ሠራተኛ ከልጅ ልጃቸው እኩያ ፊት «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ማለት ይከብዳቸዋል። ትምህርቱን ለብቻቸው አሥር ጊዜ ቢደግሙት ግን የሚታዘባቸው የለም። ሁለተኛው መሰናክል «አበላሸዋለሁ» የሚለው ፍርሃት ነው። ኮንትሮል እና ዜድን አንድ ላይ መጫን የመጨረሻውን ስህተት እንደሚመልስ ሲያዩ እጃቸው ይፈታል። ይህች ዘዴ የብዙ ኮርሶች የመጀመሪያ ገጽ ላይ መግባት ነበረባት።

ልጆች ይህ ፍርሃት የለባቸውም። በ2012 እ.ኤ.አ. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች የታሸጉ ታብሌቶች ያለ አስተማሪ ተወላቸው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው አስከፈቱት። ታሪኩ የሚደነቅ ቢሆንም ለአዋቂ አርአያ ማድረጉ አያስኬድም። ልጆቹ ጊዜ ነበራቸው፤ የሚጠብቃቸው አለቃም አልነበረም።

አዋቂ ጀምሮ ያቆማል። ሃርቫርድና ኤምአይቲ በመጀመሪያው ዓመት በኢንተርኔት የሰጧቸው ነፃ ኮርሶች 841,687 ምዝገባ ነበራቸው፤ የተሰጠው የምስክር ወረቀት 43,196 ብቻ ነው። እነዚያ የዩኒቨርሲቲ ኮርሶች ስለነበሩ ከማውስ ትምህርት ጋር በቀጥታ አይነጻጸሩም፤ ልማዱ ግን ያው ነው። የሚገርመው፣ ለዕለት ተዕለት ክህሎት ሲሆን ማቋረጥ ሁልጊዜ ውድቀት አይደለም። የዕቁብ ሒሳብ በኤክሴል ለመያዝ የፈለገች ሴት መደመሪያውን ተምራ ኮርሱን ብትተወው የመጣችበትን ይዛ ሄዳለች።

በዚህ አቋራጭ የማይሆነው መተየብ ነው። ኪቦርድ ላይ ኤፍ እና ጄ ፊደላት ትንሽ ጉብታ አላቸው፤ አመልካች ጣቶች ሳይታዩ ቦታቸውን የሚያገኙት በእነሱ ነው። ታይፒንግ ክለብን የመሳሰሉ ነፃ ልምምዶች ከዚያ ተነስተው ጣት በጣት ያሠለጥናሉ። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ መሥራት ይሻላል፤ የሚማረው እጅ ነውና።

የውጭ ኮርሶች ጨርሶ የማይነኩት ደግሞ የአማርኛ ጽሑፍን ነው። በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል፤ ፎንቶቹ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ስለሚያስቀምጡ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በዩኒኮድ የተጻፈ የትም ይነበባል፣ በጉግል ተፈልጎም ይገኛል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ሴቲንግ ገብቶ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛን መጨመር ይበቃል፤ የሚገዛ ፕሮግራም የለም።