ጭልፊት ወይስ ጅግራ?

በሪሞት የሚበር አውሮፕላን መጀመር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው፤ ጉልበቱ ስንት ነው፣ ምን ያህል ይፈጥናል። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የወጥ ቤት ሚዛን ግዛ እላለሁ። ጠያቂው የወላይታ ሶዶ ልጅ ከሆነማ ደግሜ እላለሁ።

ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፎም አውሮፕላን እንውሰድ። የክንፉ ስፋት 24 ካሬ ዴሲ ሜትር ይመጣል። ባትሪው፣ ሞተሩ፣ መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቮ ሁሉ ተገጥሞ 720 ግራም ቢመዝን፣ እያንዳንዱ ካሬ ዴሲ ሜትር 30 ግራም ተሸክሟል ማለት ነው። የክንፍ ጭነት የሚባለው ይኸው ነው፤ ክብደት ለክንፍ ስፋት ሲካፈል። በዚህ መጠን ላለ የጀማሪ አውሮፕላን ከ30 ባያልፍ እመርጣለሁ።

ቄራ አካባቢ የምታንዣብበውን ጭልፊት አስተውሏት። አንድ ኪሎ እንኳ አትሞላም፤ ክንፏ ሲዘረጋ ግን ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል። ስለዚህ ሳታርገበግብ ተንሳፋ ትውላለች። ወደ አባያ ሲወረድ ቆላው ላይ ያለችው ጅግራ ግን ክንፏ አጭር ነው፤ ከቁጥቋጦው ክንፏን እያማታች በጉልበት ትነሳና ጥቂት በርራ ታርፋለች። የጀማሪ አውሮፕላን ጭልፊት ይሁን። ዓይን የሚያማልሉት ባለ አጭር ክንፍ የጦር ጄት ቅርፆች ጅግራ ናቸው።

ጭነት ሲበዛ አውሮፕላኑ አየር ላይ ለመቆየት መፍጠን ግድ ይለዋል። ከተወሰነ ፍጥነት በታች ክንፉ አየሩን ይለቅና አውሮፕላኑ ይወርዳል፤ አብራሪዎች ስቶል ይሉታል። ባለ 30 ግራሙ አውሮፕላን ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ይህ የሚደርስበት በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ግድም ሲበር ነው። ሶዶ ግን 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያው አውሮፕላን እዚህ ገና በ26 እና በ27 መካከል ሳለ ይለቃል። ፕሮፔለሩም የሚገፋው ያንኑ ስስ አየር ነው። የአውሮፕላኑ ካርቶን ላይ ያለውን ቁጥር የጻፈው ሰው የሶዶን ተራራ ዳሞታን አላየም።

ትልልቆቹም ከዚህ አያመልጡም። የአዲስ አበባው ቦሌ አየር ማረፊያ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ለዓመታት ደብሊን አርፎ ነዳጅ ይሞላ ነበር። ሲመለስ ግን በቀጥታ ይመጣ ነበር፤ ዋሽንግተን ዝቅ ያለ ቦታ ነውና ሙሉ ነዳጅ ጭኖ ይነሳ ነበር።

እኔን ያስተማረኝ ባትሪ ነው። ያ ባለ 720 ግራም አውሮፕላን የኔው ነው፤ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲበርልኝ ብዬ ከቀድሞው 180 ግራም የሚከብድ ባትሪ ገጠምኩበት። ለዓይን ምንም አልተለወጠም፤ ሂሳቡ ግን 900 ግራም፣ በካሬ ዴሲ ሜትር 37.5 ነው። የስቶል ፍጥነቱ ወደ 30 ወጥቷል። ከእጄ ስወረውረው ሄደልኝ። ማሳው ጫፍ ደርሶ ሲዞር ግን ጎኑን ወደ 45 ዲግሪ አጋደለ፤ እንዲህ ሲጋደል ክንፉ አርባ በመቶ ያህል ተጨማሪ ጭነት ይሸከማል፣ 30 የነበረውም 36 ይሆናል። ግራ ክንፉ ወደቀ፣ እየተሽከረከረ በቆሎ ውስጥ ገባ።

የተሰበረ ፎም ይጠገናል፤ ጣጣው ጥገናው ራሱ መክበዱ ነው። ማስቲሹ፣ ፕላስተሩ፣ ማሳመሪያው ቀለም ተደምሮ ይመጣል። ጭራ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አውሮፕላኑ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በሁለት ጣት ሲያዝ ሚዛኑን መጠበቅ አለበት፤ ጭራው ከዚያ ነጥብ ስለሚርቅ እዚያ የተጨመረን 10 ግራም ለማካካስ አፍንጫው ላይ 20ም 30ም መጨመር ያስፈልጋል።

የድሮውን ባትሪ መልሼ ገጥሜ ሚዛን ላይ አወጣሁት። 761 አለ። ቁጭ ብዬ ፕላስተሩን መላጥ ጀመርኩ።