ኪኒኑ ታደለ ወይስ ተዋጠ?

በገጠር ቀበሌዎች ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚታደለው የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን፣ ለሕፃናትም የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ እንክብል ከዕለት ምግብ የሚጎድለውን ለመሙላት የታሰበ መሆኑ የታወቀ ነው። ብዙም የማይታወቀው የታደለው ኪኒን መዋጡ በምን መንገድ እንደሚለካ ነው።

ልኬቱ የሚጀምረው ከአንዲት እናት ደጃፍ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ ሰብሳቢዋ የኪኒኑን ናሙና አውጥታ ታሳያለች። «እናቴ፣ በእርግዝናዎ ጊዜ እንዲህ ያለ ኪኒን ተሰጥቶዎት ወይም ገዝተው ነበር?» ስትል ትጠይቃለች። መልሱ «አዎን» ከሆነ «በጠቅላላው ስንት ቀን ወሰዱ?» የሚለው ይከተላል።

እናቲቱ «ኧረ ልጄ፣ ማን ቆጠረው!» ብትል የሚፈረድባት አይደለችም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ጥናት ይህ ጥያቄ የቀረበው ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ለወለዱ ሴቶች ሲሆን፣ የሚመለከተውም የመጨረሻ ልጃቸውን እርግዝና ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ያላት እናት ያን ጊዜ ኪኒን የዋጠችበትን ቀን በቁጥር እንድታስታውስ መጠየቅ፣ ገበሬውን የዛሬ አራት ዓመት የዘራውን ዘር በጣሳ እየቆጠረ እንዲናገር ከማድረግ አይለይም። በመሆኑም መጠይቁ በግምትም ቢሆን ቁጥር እስኪገኝ ድረስ ደጋግሞ መጠየቅን ያዛል። ብልህ መረጃ ሰብሳቢ ኪኒኑ የተጀመረው ከፍልሰታ ጾም በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ እህሉ ታጭዶ ነበር ወይስ አልታጨደም እያለች ወደ ቀኑ ትጠጋለች።

የቀኑ ቁጥር ይህን ያህል የተፈለገበት ምክንያት ከውጤቱ ይታያል። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ100 እናቶች 42ቱ የብረት ኪኒን መውሰዳቸውን ተናግረዋል። በ2003 ዓ.ም. 17 ብቻ ስለነበሩ እድገቱ ከፍተኛ ነው። ይሁን እንጂ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ሆነው ተገኙ። ስንት ቀን ተብሎ ባይጠየቅ ኖሮ 42 የሚለው ቁጥር ብቻውን ቀርቦ ሁሉን ባስደሰተ ነበር።

አንዲት ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ የደረሰችው በሰባተኛው ወር መጨረሻ ከሆነ የቀራት ጊዜ ሁለት ወር ያህል ስለሆነ፣ አንድም ቀን ባታሳልፍ 90 አይሞላላትም። ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀት፣ የዓይነ ምድርም መጥቆር አስደንግጧት የተወችም ትኖራለች። ጽንሱን አግዝፎ ምጥ ያስቸግራል የሚለው ወሬም መሠረት የሌለው ነው።

በቫይታሚን ኤ በኩል ጥያቄው ባለፉት 6 ወራት ውስጥ ልጁ ወስዷል ወይ የሚል ነው። ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን ሰማያዊው፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላለው ቀዩ እንክብል ጫፉ ተቆርጦ በአፉ ይጨመቅለታል። የፖሊዮ ክትባትም በአፍ የሚንጠባጠብ በመሆኑ እናቶች ሁለቱን ሊያምታቱ ይችላሉ። ናሙናው የሚታየውም ስለዚሁ ነው። በ2003 ዓ.ም. ከ100 ሕፃናት 53፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 45 ወስደዋል ተብሎ ተመዝግቧል። በዘመቻ ቀን ሕዝብ ተሰብስቦ የተሰጠ ነገር ሲታወስ፣ በአዘቦት ቀን የተሰጠው ቶሎ ይረሳል። የልጁ የጤና ካርድ ተሞልቶ ከቤት ከተቀመጠ ግን ክርክር የለም።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ እዚህ ላይ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች ሲመጡ ወሬው ቶሎ ይዛመታል፤ አንዱ ግብር ነው ይላል፣ ሌላው የእርዳታ ዝርዝር ነው ይላል። ግብር የፈራች እናት ትደብቃለች፣ እርዳታ የጠበቀችም የሌለውን ትጨምራለች። ጥናቱ ከሁለቱም እንደማይገናኝ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። «ሁላችሁም ወስደናል በሉ» እያሉ ማስጠናት ግን የቀበሌን ስም የሚያስጠራ መስሎ ኪኒን የሚያስቀር ሥራ ነው፤ ሁሉም ወስደዋል ለተባለበት አካባቢ ተጨማሪ የሚልክ የለምና።

የ2008ቱን ጥናት ያካሄደው የዚያን ጊዜው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በናሙና በተመረጡ 645 ቦታዎች በእያንዳንዱ 28 ቤቶችን መርጦ ነበር። የተመረጠ ቤት ሰው ቢታጣበት በጎረቤት አይተካም። የገበያው ቀን የትኛው እንደሆነ፣ እናቶችስ ከውኃ የሚመለሱት በስንት ሰዓት እንደሆነ ለቡድኑ አስቀድሞ መንገር ለሊቀ መንበሩ የማይከብድ ሥራ ነው።