ዲስከቨሪ ከፒንግ ፖንግ ኳስ

ሶዶ ቤቴ የመጣ ሁሉ መደርደሪያው ላይ ያለችውን ነጭ ነገር አንስቶ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ይለኛል። ዲስከቨሪ ናት! ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ፊልም ወደ ጁፒተር የምትጓዘው የጠፈር መርከብ። ያኔ በኮምፒውተር መርከብ መሥራት አይታሰብም። ፊልሙ ላይ የምናያት በእጅ የተሠራች ሞዴል ናት፤ ትልቋ 16 ሜትር ተኩል ትረዝማለች፤ ፊቷ ላይ ያለው ድቡልቡል ክፍል ብቻውን የሰው ቁመት ያህላል።

ታዲያ 16 ሜትር የሆነች ነገር እንዴት ያን ያህል ገዝፋ ታየች?

እኔ ነገሩ የገባኝ ዳሞታ ተራራ ላይ ነው። በጠራ ቀን ወጥታችሁ ወደ አባያ ሐይቅ ተመልከቱ። አጠገባችሁ ያለው ሣር አንድ በአንድ ይለያል፤ ታች ያለው እንሰት ደብዘዝ ይላል፤ ከሐይቁ ማዶ ያለው ተራራ ሰማያዊ ጭስ ይመስላል። በመካከል ያለው አየር ነው ርቀቱን የሚነግረን። ጠፈር ላይ ግን አየር የለም፤ የሩቁም የቅርቡም እኩል ይጠራል። (እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ዳንኤል ታደሰ የተወነበትና እዚሁ አገራችን የተቀረጸው «ክረምብስ» ላይም መርከብ አለች፤ እሷ ግን የተንጠለጠለችው አየር ባለበት በኛው ሰማይ ላይ ስለሆነ ስሌቱ ይለያል።)

ስለዚህ ካሜራው ሞዴሏን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት አድርጎ መያዝ አለበት። ለዚህ የሌንሱ ቀዳዳ መጥበብ ይኖርበታል፤ ሲጠብ ብርሃን ያንሳል፤ ብርሃን ሲያንስ ለእያንዳንዱ ምስል ሰከንዶች መጠበቅ ግድ ነው። አንዱ ምስል 4 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ስለሚበላ፣ ለ10 ሰከንድ ትዕይንት 16 ደቂቃ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ካሜራው የሚንቀሳቀሰው ዓይን በማይለየው ዝግታ ነው!

ሌላው ጉዳይ ጥቃቅኑ ነገር ነው። ሠሪዎቹ ከመደብር የሚገዙ የታንክና የአውሮፕላን መገጣጠሚያ መጫወቻዎችን እየፈቱ ክፍላቸውን መርከቧ ላይ ይለጥፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ስታር ዋርስ» ላይ ያለችው መርከብ ሚሊኒየም ፋልከንም እንዲሁ ናት። ዓይን «ቧንቧዋ ይህን ያህል ካነሰች መርከቧማ ስንት ልታህል ነው?» ብሎ ራሱ ያሰላል።

የእኔዋ የጀመረችው ከፒንግ ፖንግ ኳስ ነው። ኳሱ 40 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የስቱዲዮዋ ሞዴል ርዝመት የድቡልቡል ክፍሏን ስፋት 9 እጥፍ ስለሆነ፣ 40 በ9 ሲባዛ 36 ሴንቲ ሜትር። ካርታ ላይ የምናውቀው መስፈርት ማለት ይኸው ነው፤ የስቱዲዮዋ ሞዴል 46 ጊዜ ያህል አንሳ። ወገቧ የእስክሪብቶ ቀፎ ነው፤ ቆዳዋ ላይ ከተበላሸ ሬዲዮ የነቀልኳቸውን ፍሬዎች በሱፐር ግሉ ለጠፍኩ። መጀመሪያ የቀባኋት ቀለም አብረቀረቀና መጫወቻ አስመሰላት። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ብርሃን የማይመልስ ነጭ ቀባኋት፤ ያኔ ፕላስቲኩም ብረቱም አንድ አካል ሆኑ።

ማታ መብራቱን አጥፍቼ፣ ጥቁር ነጠላ ከኋላ ዘርግቼ፣ የአንድ ስልክ ባትሪ ከጎን አብርቼ በሌላው ስልክ አነሳኋት። ጠፈር ላይ ፀሐይ አንድ ናት፤ ጥላውን የሚያለዝብ አየር ስለሌለ ሁለተኛ መብራት አያስፈልግም። የጎረቤት ልጅ ፎቶውን ትኩር ብሎ አየና «ሰዎቹ በየት በኩል ነው የሚገቡት?» አለኝ። ድቡልቡሉ ላይ ያሉትን 3 ክብ በሮች በመርፌ ጫፍ አሳየሁት።