በክረምት የሚቆም መኪና ባትሪው ለምን ይሞታል?

ክረምት ሲገባ ብዙዎቻችን ለዕረፍት ወደየአገራችን እንበተናለን። ከእኛ አንዱ ባለፈው ክረምት የሄደው ከየጁቤ ወጣ ብላ ወደምትገኘው የትውልድ ቀበሌው ነበር። እዚያም አጎቱ እህል የሚያመላልሱባት አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለቻቸው። ሐምሌ ከገባ መረሬው መሬት ጎማ ስለሚውጥ መኪናይቱ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ትቆማለች፤ እስከ መስከረም ድረስ ማንም አይነካትም።

በነሐሴ አንድ ሌሊት የጎረቤት ሴት ምጥ ያዛት። ዝናሙ ጥቂት ቀን አባርቶ ስለ ነበረ፣ መኪናይቱ በዝግታም ቢሆን ጤና ጣቢያ ታደርስ ይሆናል ተባለ። ቁልፉ ሲዞር ግን ሞተሪኖው «ቀጭ» ከማለት በቀር ምንም አላደረገም። ገፍተን እናስነሣት ቢባልም ጭቃው ጎማውን አላንቀሳቅስ አለ። ሴትዮዋ በቃሬዛ ተወሰደች፤ ደግነቱ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው።

በማግሥቱ አጎትየው የወንድማቸውን ልጅ ጠሩና፣ «አንተ ልጅ፣ ኬሚስትሪ ነው የሚማረው ብለውኛል። እስቲ ንገረኝ፤ ምንም ሳይሠራ የቆመ ባትሪ ምን ነክቶት ይሞታል?» ሲሉ ጠየቁት። ጓደኛችን በፈተና ወረቀት ላይ የእርሳሱንና የአሲዱን ቀመር ያለ ስሕተት ጽፎ ሙሉ ማርክ ያገኘ ሰው ነው፤ ለአጎቱ ጥያቄ ግን መልስ አጣ። እኛም ስንሰማ ከእርሱ የተሻለ መልስ አልነበረንም። ከተመለስን በኋላ ተሰብስበን ያገኘነውን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ የገቡት የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች የሚነሡት በእጅ በሚዞር ማኖቬላ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ በካዲላክ መኪና ላይ የተገጠመው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ሾፌሩ ከክንድ ድካም ቢያርፍም፣ መኪናው በሞላ የአንድ ሣጥን ጥገኛ ሆነ።

በዚያ ሣጥን ውስጥ የእርሳስና የእርሳስ ኦክሳይድ ሰሌዳዎች በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ተነክረው ይገኛሉ። ይህን ዓይነት ባትሪ በ1859 እ.ኤ.አ. የሠራው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ መሠረቱም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ባትሪው ኀይል ሲሰጥ አሲዱ ከሰሌዳዎቹ ጋር ይዋሐድና በሁለቱም ላይ እርሳስ ሰልፌት የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ አሲዱም እየቀጠነ ወደ ውሃነት ይቀርባል። ቻርጅ ሲደረግ ሰልፌቱ ተመልሶ እርሳስና አሲድ ይሆናል።

ችግሩ የሚመጣው በመዘግየት ነው። ሰልፌቱ ገና ሲፈጠር ደቃቅ ስለሆነ በቀላሉ ይመለሳል። ለሳምንታት ከተተወ ግን እየተያያዘ ትልልቅና ደረቅ ክሪስታል ይሆናል። ሽሮ የተሠራበት ድስት ወዲያው ቢታጠብ ይለቃል፤ ከሰነበተ ግን ፈትጎ ማስለቀቅ ይቸግራል፤ የባትሪውም ነገር እንዲሁ ነው። ስለዚህ የቆመን ባትሪ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ባዶውን መክረሙ ነው።

ታዲያ ምንም ሳይሠራ ኀይሉ ወዴት ይሄዳል? ሁለት ሌቦች አሉ። አንደኛው በራሱ በባትሪው ውስጥ ያለ ነው፤ ምንም ሽቦ ባይነካው እንኳ በየወሩ ጥቂት በመቶ ይቀንሳል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ ፍሳሽ እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ የደጋው ክረምት ብርድ ለባትሪ ወዳጅ ነው፤ የዓባይ በረሃ ሙቀት ግን ጠላቱ ነው። ሁለተኛው ሌባ መኪናው ላይ ያለ ነው፤ ይኸውም ሰዓቱ፣ ሬዲዮኑና አላርሙ ሞተር ጠፍቶም መብላታቸውን አይተዉም። ሁሉም ተደምረው 50 ሚሊአምፔር ቢወስዱ በቀን 1.2፣ በወር 36 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የአንድ ትንሽ መኪና ባትሪ ብዙ ጊዜ 60 አምፔር ሰዓት ነውና ሁለት ወር ሳይሞላው ባዶ ይቀራል። የአጎትየው መኪና ላይም ኋላ የተገጠመ አላርም ነበረባት፤ ከሌባ ጠብቅ ተብሎ የተገጠመው ሌባ ሆነ ማለት ነው።

የውጭ አገር መጻሕፍት ስለ ባትሪ የክረምት አያያዝ ሲጽፉ የሚያስቡት በረዶን ነው። ባዶ ባትሪ አሲዱ ወደ ውሃ ስለቀረበ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ሲሆን ይረጋና ሣጥኑ ይሰነጠቃል፤ የሞላው ግን ከዜሮ በታች እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ይችላል። የእኛ ክረምት ዝናምና ጭቃ ስለሆነ ይህ አያሰጋንም፤ መድኀኒቱ ግን አንድ ነው፤ ሞልቶ ማቆም፣ ሞልቶ ማቆየት።

አሠራሩ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ መኪናው ከመቆሙ በፊት ባትሪው በደንብ ይሞላ። ቻርጀሩ የሚሰጠው አምፔር የባትሪውን መጠን አንድ አሥረኛ ቢሆን ይበቃል፤ ለ60ው 6 አምፔር ማለት ነው። ግማሹ የጎደለ ከሆነ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በመጨረሻው ላይ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ስለሚወጣ ቦታው ነፋሻ ይሁን፤ ሲጋራ፣ ኩራዝና የከሰል ምድጃ አይቅረቡት። ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ቻርጅ አይደረግ።

2ኛ/ ሽቦው ይነቀል። አስቀድሞ ኔጌቲቩ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩ ይፈታል፤ ሲታሰር ግን በተቃራኒው ነው። ምክንያቱም ኔጌቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን የሚፈታው ቁልፍ የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ይረጫል።

3ኛ/ ጫፎቹ ላይ የሚበቅለው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ውሃው ግን በክዳኖቹ በኩል ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ከደረቀ በኋላ ግሪስ ይቀባ።

4ኛ/ ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የውሃው ልክ ይታይ። የሚጨመረው የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የምንጭም ሆነ ከቆርቆሮ የወረደ የዝናም ውሃ ማዕድንና ብረት ስላለበት ሰሌዳውን ይጎዳል። የጎደለው ውሃ ነውና አሲድ አይጨመር።

5ኛ/ በየወሩ በቴስተር ይለካ። ለጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፤ ወደ 12.4 ሲወርድ ቻርጅ ይደረግ፤ 12 ቮልት ከሆነ ግን ሊያልቅ ተቃርቧል።

መብራት በሌለበት ቀበሌ ባትሪውን በገበያ ቀን ቀጥ አድርጎ ይዞ ወደ ከተማ መላክ፣ ወይም መቆጣጠሪያ ያለው አነስተኛ የሶላር ሰሌዳ ማገናኘት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የመኪና ባትሪ ለቤት መብራት የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ የዚህ ባትሪ ሰሌዳ ስስ ነው፣ የተሠራውም ለአፍታ ብዙ ኀይል እንዲሰጥ ነው። ደመናው ፀሐይን በከለከለበት ወራት በየሌሊቱ እስኪያልቅ ከተጠቀሙበት ዕድሜው ያጥራል።

ሁለት የተሳሳቱ ሐሳቦችንም እናርም። «በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ማስነሣት ይበቃል» ይባላል፤ ሞተሩ ባለበት ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ሲሠራ የሚተካው ኀይል ትንሽ ስለሆነ ባትሪው ዘወትር እንደ ጎደለ ይቀራል። «ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ይፈሳል» የሚባለውም ለዛሬው የፕላስቲክ ሣጥን አይሠራም። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና የገዛም ቢሆን ነገሩ አይመለከተኝም አይበል፤ እርሱም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለው፤ እርሷ ካለቀች መኪናው አይነሣም።

ፈጽሞ የሞተ ባትሪ ቢኖር በቤት አይሰበር፤ እርሳሱም በግቢ አይቅለጥ። የእርሳስ ጢስና አቧራ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስቡ ሰዎች ማስረከብ ይሻላል።

ጓደኛችን ይህን ሁሉ ለአጎቱ በስልክ ነግሯቸዋል። እሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ፣ «ታዲያ ይኸን ነሐሴ ሳይደርስ አትነግረኝም ነበር?» አሉት። ትክክል ናቸው። ስለዚህ በሚመጣው ክረምት ወደ ቤት የምትሄዱ ሁሉ በሰፈራችሁ የምትቆም መኪና ካለች፣ ባለቤቱ ሳይጠይቃችሁ በፊት ቁልፍ ይዛችሁ ኔጌቲቩን ፍቱ። ሥራው አምስት ደቂቃ ነው።