ዓይኑ ወጥቶ ህመሙ ሲቀር



ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት እናት በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ መጥተው ዲክሎፌናክ ገዙ። "ለራስ ምታት ነው" ስላሉኝ ሁለቴም ብዙ ሳልጠይቅ ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ የሚያመኝ እኮ የሌለው ዓይኔ ነው" አሉኝ። እንጦጦ ጭራሮ ሲለቅሙ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቀኝ ዓይናቸውን ወግቷቸው፣ ሊድን ባለመቻሉ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ስድስት ወር ሆኖታል። ማታ ማታ በዚያው በኩል እንደ መርፌ ይወጋቸዋል፤ አንዳንዴም ብልጭታ ያያሉ። ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም። "ጂን ነክቷታል እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው" አሉ። ሳልጠይቅ መሸጤ እስካሁን ይከነክነኛል።

ይህ ጂንም እብደትም አይደለም። ሐኪሞች የፋንተም ህመም ይሉታል፤ እግሩ የተቆረጠ ሰው "ጣቴን አሳከከኝ" እንደሚለው ማለት ነው። ዓይን ሲወጣ ነርቮቹ ይቆረጣሉ እንጂ የዚያን ዓይን መልእክት ሲቀበል የኖረው የአንጎል ክፍል አብሮ አይወጣም። ስለዚህ ቦታው ባዶ ሆኖ ሳለ ህመም፣ ብርሃን፣ ቀለም ሊሰማ ወይም ሊታይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት በካንሰር ምክንያት ዓይናቸው ከወጣ 179 ሰዎች መካከል ግማሽ የሚጠጉት እንዲህ ያለ ስሜት እንደነበራቸው ተናግረዋል። ድካምና ጭንቀት ያባብሱታል።

ይሁንና "ነርቭ ነው" ብሎ ቤት መቀመጥም አይገባም። ቦታው አመርቅዞ ወይም ሰው ሠራሹ ዓይን አልገጥም ብሎ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ መታየት አለበት። ለየካ ሰው መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ በዓይን ሕክምናው የታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እዚሁ ነው። በተለይ አንዱ ዓይን በአደጋ ከተጎዳ በኋላ ጤነኛው ዓይን ቢቀላ፣ ብርሃን ቢፈራ ወይም ቢደበዝዝ ለነገ አይባልም። የሰውነት መከላከያ ራሱ ጤነኛውን ዓይን ሊያጠቃ ይችላልና።

ቦታው ደህና ሆኖ ህመሙ ከቀጠለ ዲክሎፌናክና ፓራሲታሞል ብዙም አይረዱም፤ ዲክሎፌናክ ሲደጋገም ደግሞ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ሐኪሙ ለነርቭ ህመም የሚሰጡትን አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ሊያዝ ይችላል። አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒት መሆኑን ሰምተው "አላበድኩም" ብለው የሚመልሱልን አሉ። ለህመም የሚታዘዘው ግን በአነስተኛ መጠን ነው፤ ማታ ይወሰዳል፤ ለመሥራትም ሳምንታት ይፈልጋል። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል። በቀረው ዓይን ግላኮማ ያለበት ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳይወስደው፤ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል።

በአንድ ዓይን ርቀት መገመትም ያስቸግራል። ቡና ከስኒው ውጪ ይፈሳል፣ ደረጃ ይሳታል። የጀበናውን አፍ ስኒው ላይ አስነክቶ መቅዳት ይረዳል፤ አብዛኛው ሰው በወራት ይለምደዋል። የቀረውን ዓይን የሚጠብቅ ጠንካራ መነጽር ማድረግ፣ ጭራሮ ለቀማ ላይ በተለይ፣ ቅንጦት አይደለም። (ስለ ውዱእ ለሚጠይቁኝ እህቶች፦ የዓይንን ውስጥ ማጠብ ግዴታ ስላልሆነ ሰው ሠራሹን ዓይን ማውጣት አያስፈልግም።)

እኚያ እናት ታይተው መድኃኒት ጀምረዋል። ህመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሌሊት ግን አልሐምዱሊላህ ይተኛሉ። ባለፈው ሲመጡ ከልጃቸው ጋር ነበሩ፤ ልጅቷ በማያዩበት በቀኝ በኩል ክንዳቸውን ይዛ ነበር።