ያውቁ ኖሯል? የሦስት ዓመት እሑዶችን የበላው ቁጥር

147,573,952,589,676,412,927

ይህ ባለ 21 አሃዝ ቁጥር የሚገኘው 67 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ ከውጤቱ ላይ 1 በመቀነስ ነው። በኮምፒውተር የ0 እና 1 አጻጻፍ ሲቀመጥ 67 አንዶች ተሰልፈው ይታያሉ፤ አንድም ዜሮ የለበትም።

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ቁጥሩን ፕራይም፣ ማለትም ከራሱና ከ1 በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለው፣ ብለው መዘገቡት። ተሳስተው ነበር። በ1876 የአገራቸው ሰው ኤድዋር ሉካ ቁጥሩ ፕራይም አለመሆኑን አረጋገጡ። የሚገርመው አንድም አካፋይ ሳያገኙ ነው!

አካፋዮቹን ያወጧቸው አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ናቸው። በጥቅምት 1903 በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ትንፍሽ ሳይሉ ሰሌዳው ላይ 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዝተው ያንኑ ግዙፍ ቁጥር እንዳገኙና አዳራሹ በጭብጨባ እንደተናወጠ ይተረካል። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀባቸው ሲጠየቁም “የሦስት ዓመት እሑዶች” ብለው መለሱ ይባላል።

ሌላም ምስጢር አለ፦ ከሁለቱም አካፋዮች ላይ 1 ቢቀነስ ቀሪው ለ134፣ ማለትም ለ67 እጥፍ፣ እኩል ይካፈላል። ለመጀመሪያው አካፋይ ውጤቱ 1,445,580 ነው።